ጥያቄ ሳይነሳ የተመረቀው ስብሰባ

ናዝሬት ውስጥ በእኔ ሞንታርቦ ያልተዘፈነበት ሠርግ ካለ፣ ሙሽሮቹ ተደብቀው የተጋቡ መሆን አለባቸው። የሚያውቀኝ ይመስክር። የድምፅ መሣሪያ ማከራየት ስጀምር በከተማው ይህን ሥራ የሚሠራ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ማይኩ ሲጮህበት ሶኬቱን ነቅሎ የሚሸሽ ዓይነት ነበር። እኔን ማንም አላስተማረኝም። የሞተ ራዲዮ ፈትቼ፣ አቃጥዬ፣ ኤሌክትሪክ እየነዘረኝ ነው የተማርኩት። እንግሊዝኛ ማንበብ የጀመርኩት ከአምፕሊፋየር ጀርባ ላይ ከተጻፈው ነው። ኦሮምኛን ከእናቴ፣ አማርኛን ከጎረቤት አገኘሁ፤ በሁለቱም ቆሜ ስናገር ሰው ዝም ብሎ ያዳምጠኛል። በቤተ ክርስቲያን ንግሥ፣ በመስጊድ ምረቃ፣ በጴንጤዎቹ ኮንፈረንስ፣ በስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች በዓል፣ ከሞጆ እስከ መተሐራ የእኔ ሳጥን ያልቆመበት ሜዳ የለም።

ሳጥኖቼን ከሌላው ሰው ዕቃ የሚለያቸው ጠርዛቸው ላይ ያለው ቀይ የዘይት ቀለም ነው። ጫኞች ሲጥሏቸው ቀለሙ ይላጣል፤ እኔ ደግሞ የተላጠ ነገር አልወድም። ስለዚህ ቀለሙንና ብሩሹን ከሽቦዎቹ ጋር በአንድ ካርቶን ይዤ ነው የምዞረው። ይህን የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

አሁን ስለማልወደው ሰው ልጻፍ። ዶክተር ነው፤ መርፌ የሚወጋው ዓይነት ሳይሆን የሚመራመረው ዓይነት። ከአዲስ አበባ ቡድን ይዞ የመጣው የእኛን ጥርስና የእኛን ወገብ ሊያጠና ነበር። በስምጥ ሸለቆ የተወለደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከመሬት በታች የሚወጣው ውሃችን ውስጥ ፍሎራይድ የሚሉት ነገር አለ፤ ሲበዛ በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣው ደግሞ አጥንቱ ይደርቅና ጎብጦ ይቀራል። የእኔም የፊት ጥርሶች የበለዙ ናቸው። በእነዚሁ ጥርሶች አንድ ሺህ ሙሽራ አስጨፍሬአለሁ፤ አላፍርባቸውም።

ቡድኑ ከሚያጠናቸው ቦታዎች አንዱ ከአዳማ ወደ ደራ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ያለ መንደር ነው። ታናሽ እህቴ ያገባችው እዚያ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ነበረች፤ ልጇ ባቱ አበባ እርሻ ውስጥ ስለምትሠራ የልጅ ልጇን ሴት ሕፃን የምታሳድገው እሷ ናት። መንደሩ ሁለት የእጅ ፓምፕ አለው። ታችኛው ከእህቴ አጥር ሥር ነው። ላይኛው ትምህርት ቤቱ ጋ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው። እህቴ ዳሌዋ ከደረቀ ቆይቷል፤ ስትነሳ ሁለት እጇን መሬት ላይ ተክላ ነው። ስለዚህ የምትቀዳው ከታችኛው ነው።

ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ ሰዉ በደስታ ነው የተቀበላቸው። በየብልቃጡ ሽንት ሰጡ። ወገባቸው የደረቀውን አዳማ ድረስ ወስደው ራጅ አነሷቸው፤ እህቴም ሄዳለች። ከሁለቱም ፓምፕ ውሃ በጠርሙስ ቀድተው፣ ወረቀት ለጥፈው ወሰዱ። የሚታወስ ነገር ቢኖር ዶክተሩ ራሱ የተናገረው ነው፤ "የልጅ ጥርስ የሚበላሸው ከወጣ በኋላ አይደለም፤ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ነው" አለ። እህቴ ይህን ስትሰማ ሕፃኗ ጭኗ ላይ ተኝታ ነበር። የልጅቷ የወተት ጥርስ ገና አልወለቀም። ከሥር ያለው እየተሠራ ነው ማለት ነው። ያን ቀን እህቴ አእምሮ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ያልወጣ አንድ ጥያቄ ገባ፦ ከሁለቱ ፓምፖች መጥፎው የትኛው ነው?

"መጥተን በስብሰባ እንነግራችኋለን" አሏት። በአፋቸው ነው ያሉት፤ እሷን ልጠይቅ ሄጄ፣ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ።

ከወራት በኋላ ስብሰባው ተጠራ፤ ድምፅ የተከራዩት ከእኔ ነበር። በፒካፓቸው ስንሄድ ሹፌሩ "አባባ፣ ከዕቃው ጋር ከኋላ ቢሆኑ ይሻላል፣ ጋቢናው ሞልቷል" አለኝ። "ዕቃው ከፈለገ እኔ በሌለሁበት ይዘፍንልህ" አልኩት። አንዱ ወጣት ወርዶ ከኋላ ተቀመጠ።

በእኛ አካባቢ ስብሰባ እንዴት እንደሚዘጋ መናገር አለብኝ፤ ሳያውቁት መንደር ለመንደር የሚዞሩ ስለበዙ። ሲከፈት ማንም ሰው አጠር አድርጎ ይጸልያል። ከዚያ ይወራል፣ ይጠየቃል፣ ይካሰሳል፣ ይታረቃል። ነገሩ ሁሉ ሲያልቅ ሽማግሌ ይነሳና ይመርቃል፤ ሰው መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ "አሜን" ይላል። በዚህ ነገሩ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ አፉን ከፍቶ ሌላ ነገር የሚያነሳ ሰው ምርቃቱን አፈረሰ ይባላል፤ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ማንም አይደፍረውም። ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

ዶክተሩ አላወቀም። ለረጅም ሰዓት አወራ። ሳምፕል አለ፣ ዳታ አለ፣ ፕሮቶኮል አለ። ሰዉ ታገሠው፤ ጥያቄ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው ብሎ። እህቴ ከፊት ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታስተካክላለች። ሊጨርስ ሲል ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ወደ እሱ ተጠጋና ፀሐይዋ ግራሩ ጀርባ ልትገባ ነው አለው። ዶክተሩም ማይኩን እንደያዘ፦

"ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት፣ ብርሃኑ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ አባታችን ይመርቁናል" አለ።

የመንደሩ ሽማግሌ ቅን ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። መርቁ ሲባሉ ተነሱ፤ መረቁ። ሰዉ መዳፉን ዘረጋ። "አሜን!" ሲል ሞንታርቦዬ አስተጋባው፤ ማይኩን ወደ ሰዉ ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ዓይነት ጥርት ያለ አሜን በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ሁሉም ተነስቶ የቀሚሱንና የሱሪውን አቧራ እያራገፈ መሄድ ጀመረ።

"ጥያቄ ያለው?" አለ ዶክተሩ ለሚሄደው ጀርባ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ "ጥያቄ የለም። ጥሩ ነው፤ ገብቷቸዋል" አለ።

እህቴ ጥያቄዋን በሆዷ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ሽቦ እየጠቀለልኩ ነበር።

"ጋሽዬ፣ ያን ሁሉ ሳጥን ተሸክመህ መጥተህ የእኔን አንድ ጥያቄ ማሰማት አቃተህ?"

በሕይወቴ እንደዚያ የተናገረኝ ሰው የለም። የጠቀለልኩትን ሽቦ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለዶክተሩ ነገርኩት። በጨዋ ደንብ፣ እርስዎ እያልኩ ነው።

"ዶክተር፣ በእኛ አገር ከምርቃት በኋላ ሰው አይጠይቅም። ምርቃቱን መጨረሻ ያድርጉት።"

"አባባ፣ ጥያቄ ያለው ሰው ይጠይቃል። ማን ይከለክለዋል?"

"ምርቃቱ ነዋ የሚከለክለው!"

ጋቢና ያሉት ሁሉ ሳቁ። እሱም እየሳቀ፣ "እሺ አባባ። እርስዎ ድምፁን ይጠብቁልን፤ ስብሰባውን እኛ እንጠብቃለን" አለኝ።

ይህን ቃል እስካሁን ይዤዋለሁ።

ሳያውቅ የሠራው ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ግን ተመቸው። ከዚያ በኋላ መቂ አካባቢም መተሐራ አካባቢም ድምፅ ይዤላቸው ስሄድ ምርቃቱ ከጥያቄ በፊት ሆኖ ፕሮግራማቸው ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ስብሰባው ቶሎ ያልቃል፤ ሰዉ በሰላም ይበተናል፤ እነሱም ለምሳ ሶደሬ ይደርሳሉ። ሁለተኛ አልነገርኩትም። አንዴ የተሳቀበትን ነገር ደግሜ የምናገር ሰው አይደለሁም።

እህቴን ግን በየጊዜው እጠይቃት ነበር። በሄድኩ ቁጥር ያንኑ እንከራከራለን።

"ለምን ላይኛውን አትቀጂም? በጋሪ ላስመጣልሽ።"

"ላይኛው ደህና መሆኑን ማን ነገረህ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"አየህ! መጥፎው ላይኛው ቢሆንስ? በዚህ ዳሌዬ ዳገት ወጥቼ ለልጄ መርዝ ላምጣላት? ታችኛው ነው በሉኝ፣ እየተንፏቀቅሁም ቢሆን ላይኛው ድረስ እሄዳለሁ። ያወቁ ሰዎች አሉ አይደል? ይንገሩኝ።"

በእንዲህ ያለ ነገር እንኳን እኔ፣ ማንም አይረታትም። ልጅቷም በመሃል ውሃዋን በሃይላንድ ይዛ ትጠጣለች። አፏን አስከፍቼ አየዋለሁ። ጥቃቅን፣ ነጫጭ የወተት ጥርስ። ከሥሩ ያለውን እኔም አላይ፣ እሷም አታይ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ አዳማ አንድ ሆቴል ለሁለት ቀን ወርክሾፕ ድምፅ አዘዘኝ። አዳማ መቼም የወርክሾፕ አገር ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሁሉ ስሙን ፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ውሎ አበሉን ይዞ ይመለሳል። አዳራሹ ስገባ መድረኩ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ፣ ተመራማሪዎች ሕዝቡን ከሥራቸው ጋር እንዴት እንደሚያገናኙ ሊወያዩ መሆኑን ይናገራል። ዋናው ተናጋሪ የእኔው ዶክተር ነበር።

እኔ ጥግ ላይ ሚክሰሬ ጋ ተቀምጬ ማዳመጥ ልማዴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምረው ይልቅ በአዳራሽ ጥግ ተቀምጬ የተማርኩት ይበልጣል። ዶክተሩ ቪዲዮ ከፈተ። መንደራችን ነው። ሟቹ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ከዚያ ያ አሜን መጣ፤ እኔ ያነሳሁት አሜን፣ በእኔው ሳጥን፣ አዳራሹን ሞላው። ተሰብሳቢው አጨበጨበ።

አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት እጇን አወጣች። "ማኅበረሰቡ ምን ዓይነት ጥያቄዎች አነሳ?"

"ደስ የሚለው እሱ ነው" አለ ዶክተሩ። "አንድም ቅሬታ አልተነሳም። እንዳያችሁት በምርቃት ነው የሸኙን።"

ሶኬቱ እግሬ ሥር ነው። ብነቅለው ድምፁ ጸጥ ይል ነበር። ግን እኔ ባለሙያ ነኝ፤ በሥራዬ ላይ ቂሜን አልወጣም። ደግሞ የሚቀጥለውን ማየት ፈለግሁ፤ ማየቴም ጥሩ ሆነ። ካርታ አወጣ። ቀይ ነጥብና አረንጓዴ ነጥብ የተበተነበት። "በያንዳንዱ የውሃ ነጥብ ያለውን መጠን አሁን በትክክል እናውቃለን" አለ። እናውቃለን ነው ያለው።

ሻይ ሰዓት ላይ ሳምቡሳ በሶፍት ይዞ ቆሞ አገኘሁት።

"ዶክተር፣ ከእህቴ መንደር ፓምፖች የትኛው ነው ቀዩ?"

"አባባ! እንዴት ነዎት? ድምፁ በጣም ጥሩ ነው።"

"ድምፁ ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ። ፓምፑን ነው የጠየቅሁት።"

"እሱ ገና ያልታተመ ዳታ ነው።"

"እኔ ላትመው አይደለም። ልጅቷ ምን ትጠጣ ነው የምለው።"

"በየደረጃው ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን፤ አይጨነቁ።"

"እህቴን አይመለከታትም?"

ሳምቡሳውን ነከሰ። ከዚያ ልክ አዲስ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ ትከሻዬን ያዘ። "ይልቅ ነገ እንግዶቹን እዚያው መንደር እንወስዳቸዋለን፤ የሕዝብ ስብሰባ እንዴት እንደምናደርግ እንዲያዩ። እኚያ አባት አርፈዋል አሉ። እርስዎ ኦሮምኛ ይችላሉ፣ ሽበትም አለዎት፣ የመንደሩም ሰው ያውቅዎታል። ምርቃቱን እርስዎ ያድርጉልን። ጋቢ እናቀርባለን።"

"ጋቢ አለኝ" አልኩት።

በማግሥቱ እንግዶቹ በአውቶብስ፣ እኔ በራሴ ባጃጅ ሄድን። ሳጥኖቼን ግራሩ ሥር አቆምኩ፤ አንዱ በመንገድ ተላጦ ስለነበር የቀለሙን ቆርቆሮ እዚያው ከጎኑ አስቀመጥኩት። ከስብሰባው በፊት የአገሩን ሽማግሌዎች ጠይቄ ምርቃቱን እኔ እንዳደርገው ፈቅደውልኛል፤ ደንብ አውቃለሁ። ምን እንደማደርግ ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም። እህቴ ከፊት ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ሃይላንዷን አቅፋ እግሯ ሥር።

ዶክተሩ እንደ ልማዱ አወራ። እንግዶቹ በስልካቸው ይቀርጻሉ። ከዚያ ቪዲዮ ቀራጩ አውራ ጣቱን አነሳ።

"ወደ ጥያቄ ከማለፋችን በፊት አባታችን ይመርቁናል።"

ተነሳሁ። ጋቢዬን አስተካከልኩ። ማይኩን ተቀበልኩት። ሰዉ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ።

"እጃችሁን አውርዱ" አልኩ በኦሮምኛ። "ነገሩ አላለቀም።"

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ሁለተኛ ስናገር አንድ በአንድ አወረዱ። ለእንግዶቹ በአማርኛ ደገምኩላቸው። "በዚህ አገር ምርቃት በር መዝጊያ ነው። ባለፈው ጊዜ ጥያቄው ደጅ ቀርቶ በሩ ተዘግቷል። ዛሬ እኔ አልዘጋውም። ጥያቄ የያዘ ሰው ይናገር፤ መልሱ ሲመጣ እመርቃለሁ። እስከዚያ ማንም አይነሳም።"

ማንም አልተነሳም። ዶክተሩ ፈገግ እያለ ተጠጋኝና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። ማይኩ በሁለታችን መካከል ነው፤ ያ ማይክ ደግሞ እኔ የመረጥኩት ማይክ ነው፤ ትንፋሽ ያነሳል።

"አባባ፣ እባክዎ፣ ሰዓት የለንም። ዝም ብለው ይመርቁና ይለፍ" አለ፤ መንደሩም አውቶብሱም ሰማው።

ሳቁ ከሴቶቹ በኩል ነው የጀመረው። መነጽር ያደረገችው ሴትዮ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ማይኩን ለእህቴ ሰጠኋት። ተቀምጣ ነው የተናገረችው፤ ለመነሳት ጊዜ ማባከን አልፈለገችም።

"ሁለት ፓምፕ አለን" አለች። "ከሁለቱም ቀድታችኋል። ሽንቴንም ወስዳችኋል። ይህቺ ልጅ ከታችኛው ትጠጣለች። ጥርሷ ድድ ውስጥ ነው የሚሠራው ያልከው አንተ ነህ። መጥፎው የትኛው ነው? ሌላ ጥያቄ የለኝም።"

"በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው እማማ" አለ ዶክተሩ። "እንዲህ ያለውን መረጃ..."

"ጥሩ ከሆነ መልሰዋ!" አለ ከኋላ አንድ ገበሬ።

"መረጃውን ለሚመለከተው አካል በየደረጃው..."

"ሽንቴን ስሰጥ የሚመለከተኝ አካል እኔው ነበርኩ!" አለች አንዷ የእህቴ ጎረቤት። "ያን ጊዜ በየደረጃው ነበር እንዴ የሸናሁት?"

እንግዶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዳንዱ ሳቁን ሊደብቅ ነው። ዶክተሩን ላብ አጠመቀው፤ ከረጅም ንግግሩ ይልቅ ያን ጊዜ ሰው መሰለኝ። "ስሙኝ" አለ። "ሌላ ቦታ ነግረን ሰዉ ተቆጥቶ ፓምፑን ሰባብሮታል። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ውሃ አጡ። ይህን ፈርተን ነው። በክፋት አይደለም።"

አመንኩት እንኳ። አልራራሁለትም። እኛን ፈርቶ ዝም ማለቱ፣ እኛን ንቆ ዝም ከማለቱ የሚሻል መስሎት ነበር። እኔ ከሁለቱ አንዱንም አልመርጥም።

"እኔ ፓምፕ እሰብራለሁ?" አለችው እህቴ። "ሳይደግፉኝ መነሳት አልችል እኮ!"

የአውቶብሱ ሹፌር ጥሩምባ ነፋ። ማንም አልተነቃነቀም። ያልተመረቀ ስብሰባ ጥሎ የሚሄድ የለም፤ ዶክተሩም አሁን ገባው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዉን በፍጥነት የበተነለት ነገር ያን ቀን አስሮ አስቀመጠው። እኔ ማይኩን ከእህቴ ተቀብዬ ወደ አፉ አቀረብኩለት።

"ታችኛው ነው" አለ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ታችኛው ፓምፕ ዞረ።

"ታችኛው በጣም ከፍተኛ ነው። ላይኛው ደህና ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?" አልኩት። እርስዎ ማለቱ ያን ጊዜ ቀርቷል።

"ከመጀመሪያው ዙር።"

ጩኸት የጠበቀ ሰው ተሳስቷል። እህቴ ጎንበስ ብላ ሃይላንዱን ከልጅቷ እጅ ወሰደች። ልጅቷ አለቀሰች፤ ጠምቷት ነበር። እህቴ ክዳኑን ከፈተችና ውሃውን እስኪያልቅ አቧራው ላይ አፈሰሰችው። ከእንግዶቹ አንዱ የራሱን እሽግ ውሃ ይዞ መጥቶ ለልጅቷ ሰጣት። ያ ሰው ዶክተሩ አልነበረም።

"እንግዲያው ምልክት አድርግበት" አለችው እህቴ። "ነገ ሌላ ሕፃን፣ ከነገ ወዲያ ሌላ መንገደኛ ይመጣል። የምታውቀው አንተ ነህ፤ በራስህ እጅ።"

"የምን ምልክት? ቀለም የለንም፣ እማማ..."

"እኔ አለኝ" አልኩ።

ሁላችንም ወደ ታችኛው ፓምፕ ወረድን። ማንም ድንጋይ አላነሳም፤ ማንም እጀታውን አልነካም። እህቴ በሁለት ሴቶች ተደግፋ መጣች። ዶክተሩ ኮቱን አውልቆ ለጓደኛው ሰጠና ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተ። ቀለም መቀባት አያውቅም፤ ብሩሹን እስከ አንገቱ ነከረውና ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ። አላገዝኩትም። ቪዲዮ ቀራጩን "አጥፋው" አለው፤ ቀራጩ አጠፋ፤ የመንደሩ ጎረምሶች ስልክ ግን በርቶ ነበር። እጀታውን ቀባ፣ አንገቱን ቀባ። "ለልብስና ለከብት ብቻ" ብሎ ሰዉ እየሰማው ተናገረ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ ምን አስባ እንደሆነ አላውቅም።

"አሁን ይመርቁን" አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

መረቅሁ። ሲያጥር ይሻል ነበር፤ አውቶብሱ ቸኩሏል። ስለዚህ አስረዘምኩት። ከሰው ገላ ወስዶ የሚሄድ ሁሉ ያወቀውን ለባለቤቱ ይመልስ አልኩ። ሳይታተም የሚነገር እውነት ይብዛ አልኩ። ላይኛው ፓምፕ አይድረቅ፣ ዳገቱን የምትወጣ ዳሌ ትጠንክር አልኩ። ድድ ውስጥ ያለው ነጭ ሆኖ ይውጣ አልኩ። እያንዳንዱ ላይ "አሜን" አሉ። የዶክተሩም መዳፍ ተዘርግቶ ነበር፤ ግማሽ መዳፉ ቀይ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ደወለልኝ። "አባባ፣ ያን ቀን እርስዎ ድምፁን ቀድተው ነበር አሉኝ። ምርቃቱን ቢልኩልን? ለሪፖርት ነው።"

"አለ" አልኩት። "የእህቴ ጥያቄም፣ ያንተ ሹክሹክታም፣ ከመጀመሪያው ዙር ያልከውም አብሮ አለ። ሳይቆረጥ ከወሰድክ ዛሬ ና።"

እስካሁን አልመጣም።

እህቴ አሁን ከላይኛው ነው የምትጠጣው። ጎረቤቶቿ በተራ ይቀዱላታል፤ አንዳንዴ ግን በግትርነት ራሷ ዳገቱን ትወጣዋለች፣ ሁለት ጊዜ አርፋ። ታችኛው ቀለሙ እየደበዘዘ ሲሄድ እኔ ሄጄ አድሰዋለሁ፤ የተላጠ ነገር አልወድም ብያለሁ። ልጅቷ ደግሞ ስታየኝ ሳልጠይቃት አፏን ከፍታ ታሳየኛለች። ከታች ያሉት የፊት ሁለቱ መነቃነቅ ጀምረዋል። ላይኛውን የጠጣችበት ጊዜ ያድናት ወይስ እነሱ እያወቁ ታችኛውን የጠጣችበት ያበላሻት እንደሆነ፣ የሚወጣው ጥርስ ይናገራል።

ነጭ ሆኖ ከወጣ እሰየው፤ ለዶክተሩ አልነግረውም፣ ይህን ደስታ አላካፍለውም። በልዞ ከወጣ ግን በሚቀጥለው ወርክሾፕ ልጅቷንና እህቴን ይዤ አዳራሹ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ማይኩንም እህቴ እጅ አኖራለሁ። አዳማ ውስጥ ለወርክሾፕ ድምፅ የሚይዘው ማን እንደሆነ እሱ ያውቃል። ድምፁን ጠብቅ ብሎኝ የለ? እየጠበቅሁ ነው።